ራሱን የሳተ ታካሚ እንዴት «እሺ» ይላል? ለድንገተኛ ሕክምና ምርምር ማን ይከፍላል፣ ማንስ ይቆጣጠራል?

እስኪ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ደረሰ እንበል። ሐኪሟ እጅ ላይ አንድ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ እብጠት ይቀንሳል፤ የተጎዳ አንጎል ደግሞ ያብጣል። ዋጋው ውድ አይደለም፣ በየሆስፒታሉ ይገኛል፣ ከ30 ዓመት በላይም ለዚሁ ጉዳት ሲሰጥ ኖሯል። ትስጠው ወይስ ትተወው?

አብዛኞቻችን «ትስጠው እንጂ! ይሄ ምን ያጠያይቃል?» ነው የምንለው።

መድኃኒቱ ከስቴሮይድ ወገን ነው። በ2004 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ሙከራ ግን ማንም ያልጠበቀውን ነገር አሳየ፦ መድኃኒቱ የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ሞቱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ 30 ዓመት ሙሉ ይህን ያላየነው ለምንድን ነው? ሐኪሞቹ ቸልተኞች ስለነበሩ አይደለም። ጥያቄው በሚገባው መጠን ተጠይቆ ስለማያውቅ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በአግባቡ እንዲጠየቅ ደግሞ የሚከፍል አካል እና የሚቆጣጠር አካል ያስፈልጋሉ። ዛሬ የምናወራው ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው።

ዓይን የማያየው ልዩነት

ሙከራው «ክራሽ» ይባላል። ገንዘቡን የሰጠው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ነበር። በ49 አገሮች ካሉ 239 ሆስፒታሎች 10,008 ጭንቅላታቸው የተጎዳ አዋቂዎች ተካተቱ። ግማሾቹ በዕጣ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ (ፕላሴቦ) ተሰጣቸው። ታካሚውም ሐኪሙም የትኛው እንደደረሰው አያውቁም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስቴሮይድ ካገኙት 21.1 በመቶ፣ ማስመሰያ ካገኙት ደግሞ 17.9 በመቶ ሞቱ።

ልዩነቱ ከመቶ ሰው ሦስት ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ሕክምናው በየአገሩ ለስንት ሺህ ሰው እንደሚሰጥ ስታስቡት ግን ትንሽ አይደለም። ችግሩ እንዲህ ያለውን ልዩነት አንድ ሐኪም በዕድሜ ልክ ልምዱ ሊያየው አለመቻሉ ነው።

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ በለመድኩት መንገድ ላስረዳ። ሬዲዮ ስትከፍቱ ጣቢያው ርቆ ከሆነ ድምፁ በ«ሽሽሽ» ይዋጣል። እዚህም ሦስቱ ሰዎች ድምፁ ናቸው፤ «ሽሽሽ» ያለው አጋጣሚ ነው። አንዱ በጠና ተጎድቶ ይመጣል፣ አንዱ ወጣት ነው፣ አንዱ ቶሎ ደርሷል፣ አንዱ ዘግይቷል።

ቁጥር ላይ እናስቀምጠው። አንድ ሆስፒታል 200 ታካሚዎች አሉት እንበል፤ ለመቶው ስቴሮይድ ሰጠ፣ ለመቶው አልሰጠም። ካልተሰጣቸው ወደ 18 ሰዎች ይሞታሉ ብለን እንጠብቃለን፤ ነገር ግን በአጋጣሚ ብቻ 12 ወይም 24 ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። ስሌቱን ስሠራው፣ እንዲህ ካሉ አራት ሆስፒታሎች አንዱ ገደማ ውጤቱን ገልብጦ ያየዋል፦ ስቴሮይድ በተሰጣቸው ዘንድ ሟቹ አንሶ ይገኛል! የዚያ ሆስፒታል ሐኪም «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ መድኃኒቱ ይሠራል» ቢል አልዋሸም። ያየው ግን «ሽሽሽ»ውን ነው።

አሁን በየቡድኑ አምስት ሺህ ሰው አድርጉት። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚጠበቀው ልዩነት ወደ 160 ሞት ይሆናል፤ አጋጣሚው የሚፈጥረው መዋዠቅ ግን 40 አካባቢ ነው። ድምፁ ከጩኸቱ በአራት እጥፍ በለጠ ማለት ነው። ሕጉ ቀላል ነው፣ ግን ጨካኝ ነው፦ ጩኸቱን በግማሽ ለመቀነስ የታካሚውን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። አራት እጥፍ ታካሚ ደግሞ አራት እጥፍ ሥራ፣ ብዙ አገር፣ ብዙ ዓመት እና ብዙ ገንዘብ ነው።

ታዲያ ማን ይክፈል?

መድኃኒት አምራች ኩባንያ ምርምር የሚከፍለው የሚሸጠው አዲስ ነገር ሲኖረው ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ንግድ ነው። ነገር ግን የባለቤትነት መብቱ ያለቀ፣ ማንም ፋብሪካ የሚያመርተው ርካሽ መድኃኒት ሲሆን «ይሠራል ወይ?» ብሎ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚያፈስ ነጋዴ ማግኘት ይከብዳል።

ትራኔግዛሚክ አሲድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህን መድኃኒት ያገኙት ኡታኮ ኦካሞቶ የተባሉ ጃፓናዊት ሐኪም እና ባለቤታቸው ሾሱኬ ሲሆኑ፣ ሥራቸውን ያሳተሙት በ1962 ነው። መድኃኒቱ የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ በማድረግ መድማትን ይቀንሳል። በቀዶ ሕክምና ለዓመታት አገልግሏል። በአደጋ ደሙ እየፈሰሰ ለሚመጣ ሰው ይጠቅም እንደሆነ ግን በትልቅ ሙከራ የተፈተሸው ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ሙከራው «ክራሽ 2» ይባላል። የተመራው ከለንደን የሕዝብ ጤናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዋናውን ወጪ የሸፈነው የብሪታንያ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ነው። የበጎ አድራጎት ተቋማትም አግዘዋል፤ አንድ አምራች ኩባንያ ደግሞ መድኃኒቱንና ማስመሰያውን ሰጥቷል። በ40 አገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች 20,211 ታካሚዎች ተካተቱ። ውጤቱ በ2010 ሲወጣ፣ ማስመሰያ ካገኙት 16.0 በመቶ፣ መድኃኒቱን ካገኙት ደግሞ 14.5 በመቶ መሞታቸው ታየ። በሌላ አነጋገር መድኃኒቱን ለ67 ሰዎች ብትሰጡ አንድ ሰው ይተርፋል።

በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎቹ ዳታውን በሰዓት ከፋፍለው ሲያዩት ሌላ ነገር ተገኘ። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ጉዳቱ ከደረሰ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሲሰጥ በመድማት የሚሞቱትን ቁጥር እንዲያውም የሚጨምር ሆኖ ታየ። ይህን ቁም ነገር ከ200 ታካሚዎች ማውጣት አይታሰብም። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ለዚህ አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ገንዘቡ የሚመጣበት ቦታ የሚጠየቀውን ጥያቄ ይመርጣል። ኩባንያ ስለ ምርቱ ይጠይቃል። በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ከአደጋ ሕክምና ምርምር ትልልቅ ከፋዮች አንዱ ነው፤ በጦር ሜዳ ሊድኑ ሲችሉ የሚሞቱት ወታደሮች በብዛት የሚሞቱት ደማቸው ፈሶ ስለሆነ፣ ስለ መድማት አብዝቶ ይጠይቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በአብዛኛው በበሽታና በአካል ክፍል የተከፋፈሉ ናቸው፤ የካንሰር ተቋም አለ፣ የልብና የሳንባ ተቋም አለ፣ የአደጋ ጉዳት ተቋም ግን የለም። የሕዝብ ገንዘብ በትክክል ሲመደብ ግን «ሆስፒታሎቻችን በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር ይጠቅማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

በኮሮና ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። በብሪታንያ የሕዝብ ገንዘብ የተካሄደው «ሪከቨሪ» የተባለ ሙከራ መጋቢት 2020 ተጀምሮ በሰኔ ወር መልስ ሰጠ። ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ ስቴሮይድ፣ ቬንትሌተር ላይ ካሉ ሕሙማን መካከል የሟቾችን ድርሻ ከ41.4 ወደ 29.3 በመቶ አወረደ። ከዚያው ከስቴሮይድ ወገን የሆነ መድኃኒት ነው! የጭንቅላት ጉዳት ላይ ገደለ፣ እዚህ አዳነ። ሁለቱንም ማንም ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ ሊያውቀው አይችልም ነበር።

«እሺ» ማለት የማይችል ሰው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ማንም ሰው ሳይፈቅድ ምርምር ውስጥ መግባት የለበትም፤ ይህ የምርምር ሥነ ምግባር መሠረት ነው። ነገር ግን ራሱን የሳተ ሰው አይፈቅድም። ቤተሰቡ ገና አልሰማም። ሕክምናው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ መጀመር አለበት።

አንዱ መልስ «እንግዲያው እነዚህ ላይ ምርምር አይካሄድ» የሚል ነው። ጥንቁቅ መልስ ይመስላል። ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ እነዚህ ታካሚዎች ለዘላለም ባልተፈተሸ ልማድ ይታከሙ ማለት ነው። ስቴሮይዱ ለ30 ዓመት ሲሰጥ ፈቃድ የጠየቀ የለም፤ ምክንያቱም «ምርምር» ሳይሆን «ሕክምና» ተብሎ ነበር።

ስለዚህ አገሮች መካከለኛ መንገድ አበጁ። በ«ክራሽ 2» ታካሚው መናገር ካልቻለ ዘመድ ይጠየቃል፤ ዘመድ ከሌለ ደግሞ እንደየአገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔ ሐኪሙ፣ ከተቻለም በሙከራው ውስጥ የሌለ ሌላ ሰው ይወስናል፤ ታካሚው ሲነቃ ይነገረዋል። በአሜሪካ በ1996 የወጣ ደንብ ደግሞ ያለ ፈቃድ የድንገተኛ ሙከራ ማካሄድን ይፈቅዳል፣ በጥብቅ ሁኔታ። ሕመሙ ሕይወት የሚያሰጋ፣ ያለው ሕክምናም ያልተረጋገጠ ወይም አጥጋቢ ያልሆነ መሆን አለበት። ሙከራው ለራሱ ለታካሚው ሊጠቅም የሚችል መሆን አለበት። ከመጀመሩ በፊት ሙከራው የሚካሄድበት አካባቢ ሕዝብ ይመከርበታል፣ ለሕዝብም በይፋ ይነገራል። ጊዜው እስከፈቀደ ድረስ ዘመድ ይፈለጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገለልተኛ የመረጃ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ መኖሩ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴ ሳናወራ ማለፍ አይቻልም።

ሙከራውን የሚያጠፋው ሰው

በቤታችሁ ቆጣሪ አጠገብ ብሬከር አለ። ኃይሉ ከመጠን ሲያልፍ ማንንም ሳያስፈቅድ ያጠፋል። የመረጃ ተቆጣጣሪ ኮሚቴም በሙከራ ውስጥ እንደዚሁ ነው። ጥቂት ሐኪሞችና ቢያንስ አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ይኖሩበታል። ሙከራው እየተካሄደ የየትኛው ቡድን ሰዎች በብዛት እንደሞቱ የሚያዩት እነሱ ብቻ ናቸው። ተመራማሪው አያይም፤ ከፋዩም አያይም። አደጋ ካዩ «አቁሙ» ብለው ይመክራሉ።

«ለምን በየቀኑ አያዩትም?» ትሉ ይሆናል። በየጊዜው ማየት የራሱ ጣጣ አለው። ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል ቢሆኑ እንኳ ዳታውን አንዴ ብቻ ስናየው በአጋጣሚ የመሳሳት ዕድላችንን 5 በመቶ ብናደርገው፣ አምስት ጊዜ ስናየው ዕድሉ ወደ 14 በመቶ ያድጋል። ብሬከሩ በትንሹም በትልቁም የሚያጠፋ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ነው ኮሚቴው መቼ መቼ እንደሚያይ፣ ልዩነቱም ምን ያህል ሲሰፋ እንደሚያቆም ሙከራው ሳይጀመር በጽሑፍ የሚቀመጠው።

ብሬከሩ በትክክል የሠራባቸውን ሁለት ሙከራዎች ልጥቀስ።

የመጀመሪያው በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ነው። ባክስተር የተባለው ኩባንያ ከሂሞግሎቢን የተሠራ የደም ምትክ አዘጋጅቶ፣ ከላይ ባነሳነው አዲስ ደንብ መሠረት በአደጋ ለተጎዱ ሰዎች መስጠት ጀመረ። 850 ታካሚዎች ታቅደው ነበር። መቶ ገደማ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ምርቱን ካገኙት 52 ሰዎች 24ቱ፣ ካላገኙት 46 ሰዎች ደግሞ 8ቱ ሞተው ነበር። ኩባንያው ከፋይም ባለ ጥቅምም ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩን የሚያየው ሌላ ሰው መሆን ያለበት።

ሁለተኛው ወደ እኛ ይቀርባል። «ፊስት» የተባለው ሙከራ በኬንያ፣ በኡጋንዳ እና በታንዛኒያ በከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዛባት ወደ ሆስፒታል የመጡ ሕፃናትን አጠና። ከፋዩ ያው የብሪታንያው የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ነበር። ጥያቄው፦ ለእነዚህ ሕፃናት ፈሳሽ በደም ሥር ቶሎ ቶሎ መስጠት ያድናቸዋል ወይ? (በአገራችን በልማድ «ግሉኮስ ተሰቀለለት» የምንለውን ዓይነት ነገር ነው፤ እዚህ ግን የጨው ውሃ ወይም አልቡሚን ነበር።) በሀብታም አገሮች የተለመደ ሕክምና ስለሆነ ብዙዎች መልሱን አስቀድመው የሚያውቁ መስሏቸው ነበር። ሕፃኑ በጣም ከታመመ ወላጅ በቃል ይስማማል፤ ሙሉው ማብራሪያና ፊርማ ነገሩ ሲረጋጋ ይመጣል።

በጥር 2011 ኮሚቴው ሙከራው እንዲቆም መከረ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት ከአሥር በመቶ በላይ ሞተዋል፤ ካልተሰጣቸው ግን 7.3 በመቶ። ይበልጥ የሚገርመው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ፈሳሹን ያገኙት ሕፃናት የተሻላቸው ይመስሉ ነበር። አልጋው አጠገብ የቆመች ነርስ ያየችው መሻሻልን ነው። ሞቱ የመጣው ቆይቶ ነው፣ የታየውም ሁሉም ቁጥሮች አንድ ላይ ሲደመሩ ነው።

ከኮሚቴው ሌላ የሚጠብቁ ዓይኖችም አሉ። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በይፋ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ ከ2005 ጀምሮ ታላላቆቹ የሕክምና መጽሔቶች ሳይመዘገብ የተጀመረ ሙከራ አናትምም ብለዋል። ይህም ውጤቱ ሳይጥማቸው ሲቀር ጥያቄውን ለመቀየር ወይም ዝም ለማለት የሚፈልጉ ሰዎችን ያግዳል። በተጨማሪም ለሙከራው በሕግ ኃላፊ የሚሆን ተቋም ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከፋዩ፣ ኃላፊው እና ዳታውን የሚያየው ኮሚቴ በተለያየ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ቁጥጥሩ ቁጥጥር ይሆናል።

እኛ ጋስ?

በኢትዮጵያ አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ከተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ በተጨማሪ በብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይታያል፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ ይሰጣል። በአዲስ አበባ እንደ አቤት ያለ ለአደጋና ለድንገተኛ ሕክምና የተቋቋመ ሆስፒታልም አለን። መሠረቱ አለ ማለት ነው።

ግን ጥያቄዎቹን ተመልከቱ። «ፊስት» የተካሄደባቸው ሆስፒታሎች ቬንትሌተር ያለበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልነበራቸውም፤ መልሱም የወጣው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ስለተጠየቀ ነው። ለንደን ላይ የተሠራ መመሪያ ተተርጉሞ ቢመጣ ያንን አይነግረንም ነበር። የትራኔግዛሚክ አሲድን የሦስት ሰዓት ገደብም ውሰዱ። ገጠር ላይ የተጎዳ ሰው በቃሬዛ ተይዞ መንገድ ላይ ወጥቶ መኪና እስኪያገኝ ሦስቱ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ታዲያ መርፌውን ማን ይስጥ? ጤና ጣቢያ ላይ ይሰጥ? አምቡላንስ ውስጥ? የኛ መንገድ፣ የኛ ርቀት፣ የኛ ጤና ጣቢያ ያለበትን ይህን ጥያቄ ሌላ አገር ከፍሎ አይጠይቅልንም። ከጤና በጀት ላይ ለምርምር የሚመደብ ገንዘብ «ቅንጦት» ሲባል ብትሰሙ፣ ስቴሮይዱን ለ30 ዓመት ያለ ጥያቄ መስጠት ያስከፈለውን አስቡ።

ምናልባት አንድ ቀን ለእናንተ ወይም ለቤተሰባችሁ «በዚህ ጥናት ትሳተፋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣ ይሆናል። ደንግጣችሁ እምቢ፣ ወይም ሐኪም አክብራችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ገንዘቡን የሚሰጠው ማን ነው? የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጸደቀው? ሙከራው ጉዳት እያደረሰ እንደሆነ የሚያይና የሚያስቆም ገለልተኛ ኮሚቴ አለው? ባልሳተፍ የማገኘው ሕክምና ምንድን ነው? መሃል ላይ ብወጣ ሕክምናዬ ይቀጥላል?

እነዚህን ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚመልስ ተመራማሪ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። «ይሄ አንተን አይመለከትህም» ካላችሁ ግን፣ የመጨረሻውን ቃል የምትናገሩት እናንተ መሆናችሁን አትርሱ።